የወንድሜ ጫማና የስዊድኑ አጥቂ

ያለፈው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ስወጣ፣ ገና ጫማዬን ከመደርደሪያው ሳላነሳ ሦስት ሰዎች ከበቡኝ። አንዱ ክንዴን ይዞ «ጋሽ ፈለቀ፣ አንዴ ፈቀቅ እንበል» አለኝ። ፈቀቅ እንበል ተብሎ መልካም ወሬ የሰማ ሰው አላውቅም። የግርማ እህት ጥሩነሽ ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ አርፋለች። ግርማ የልብ ጓደኛዬ ነው፤ እዚህ አገር አብረን አርጅተናል። ቅዳሜ ደግሞ የልጅ ልጁ ይመረቃል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ እንግዳው ተጠርቷል፤ ስለዚህ እስከዚያ አይስማ ተብሏል። «እርስዎ ቅርቡ ነዎት» አለችኝ አንዷ፣ «እስከ ቅዳሜ አብረውት ይዋሉ። ስልኩን በተለይ ይያዙልን። አንዱ ቀበጥ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ እንዳይለጥፍበት!» እሺ አልኩ። ምን ልበል? እሺ ብዬ ጫማዬን ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ከጎኑ የማን እንደሆነ የማላውቀው አዲስ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል፤ የቆዳው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰዎቹ ጉልበቴን ያመመኝ መሰላቸው።

ከሃያ ዓመት በፊት ልክ እንደዚያ ያለ ጫማ ገዝቼ ነበር። አርባ ሦስት ቁጥር፤ በዚህ አገር አቆጣጠር አሥር። ለወንድሜ ለጋሽ በየነ ነው የገዛሁት። ወንድሜ ግን እኔ ሱቅ ገብቼ ይኼ ይሻለው ይሆን ያኛው ስል፣ ሞቶ ከተቀበረ አራት ወር አልፎታል። በግንቦት ሞተ፤ እኔ የሰማሁት በኅዳር ነው። በመካከሉ ያለውን ስድስት ወር ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ የሚያውቀኝ ሐበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሚስቴ ታውቅ ነበር። ግርማ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻ የነገረኝ የገዛ ወገኔ አይደለም፤ አንድ የስዊድን ሽማግሌ፣ የድሮ ኳስ ተጫዋች ነው። ይህን ነገር ለማንም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል።

ያኔ ኦሮራ እንዲህ አልነበረችም። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በርበሬውም፣ የሠርግ ቪዲዮውም፣ የስልክ ካርዱም የሚሸጠው አንድ ባንኮኒ ላይ ነው። የአምስት ዶላሩ ካርድ ላይ «ሁለት ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል፤ በሳንቲም ፍቀህ ቁጥሩን ስትመታ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ያቺ በቴፕ የተቀረጸች ሴትዮ ጥልቅ ብላ አንድ ደቂቃ ቀርቶሃል ትልሃለች። እሷን ያልረገመ ሰው የለም። ወንዶቹ ሞባይላችንን ቀበቷችን ላይ እንታጠቅ ነበር፣ የሚደውልልን ሰው ሳይኖር። ኮታችን ባለ አራት ቁልፍ፣ እጅጌው ጣት የሚሸፍን፤ አሁን ፎቶውን ሳይ ይኼን ከማን ተውሼ ነው እላለሁ። ሎውሪ የድሮው የአየር ኃይል ግቢ እየፈረሰ አዳዲስ ቤት ይሠራበት ነበር፤ አውሮፕላን ይነሳበት በነበረው ሜዳ ላይ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል። እኔና ሚስቴ የሺ የምንሠራው እዚያ፣ አዲስ የተከፈተ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። እኔ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፤ እሷ ወጥ ቤት ናት። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ መኪና መጥተን ፓርክ አድርገን፣ እሷ በኋላ በር እኔ በፊት በር እንገባለን። ደስተኞች ነበርን፤ መቼም እውነቱን መናገር ጥሩ ነው።

ክፍል አሥራ አራት የአርቪድ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ግንባራቸው በር የሚነካ ረጅም ሰውዬ፤ ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጃቸው በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ካልሲ ሳደርግላቸው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «ኳስ ተጫውተሃል?» አሉኝ። «በወጣትነቴ፣ ለሠፈር ቡድን። ግራ ክንፍ ነበርኩ» ስላቸው እግራቸውን ከእጄ መንጨቅ አደረጉ። «ክንፍ ተጫዋች አላምንም!» ከዚያ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የመሀል አጥቂ ነበሩ። ተራ አጥቂ እንዳይመስላችሁ፤ ትልቁ ጦርነት ካበቃ በኋላ በአገራቸው ሕፃን ሳይቀር ስማቸውን ያውቅ ነበር። የተወለዱት የእንጨት መሰንጠቂያ ያለበት ትንሽ ከተማ ነው፤ በጋው አጭር ስለሆነ ሜዳውን በአካፋ ከበረዶ ጠርገው ይጫወታሉ። ኳሱ የቆዳ ነው፣ አፉ በጠፍር የታሰረ፤ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ይሆናል። ያንን ድንጋይ በቴስታ መምታት ነው እንግዲህ! ጠፍሩ ያረፈበትን ጠባሳ ግንባራቸው ላይ አስነክተውኛል። ኳሱን ከክንፍ የሚያሻማላቸው ስቱሬ የሚባል የጎረቤት ልጅ ነበር፤ አብረው ተወልደው፣ አብረው እንጨት ቆርጠው፣ አብረው ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ። ቁርስ ላይ የጨው ዕቃው ስቱሬ ነው፣ የቁንዶ በርበሬው አርቪድ፣ ተከላካዮቹ የዳቦ ፍርፋሪ። ጨው ዕቃው በሰሃኑ ዳር ሮጦ ሮጦ ሲያሻማ፣ ቁንዶ በርበሬው ዘሎ ይመታና ጎል! አንድ ጧት አንድ ጎል ያሳዩኛል፤ ክፍል አሥራ አምስት ያሉት ሴትዮ በእኔ መዘግየት ይሰድቡኛል።

ከዚያ ኢጣልያኖች መጥተው ወሰዷቸው። ስለ ኢጣልያ ሲያወሩ ስለ ጎሉ ሳይሆን ስለ ልብሱ ነበር የሚያወሩት፤ ልኩን ወስደው የሰፉላቸው ግራጫ ሱፍ፣ የሚጫወቱ ቀን የሚያደርጉት የሐር ክራቫት። ነገር ግን የአገራቸው ሕግ በኳስ እንጀራ የሚበላ ሰው ለብሔራዊ ቡድን አይሰለፍም ይል ነበርና፣ ለሊራ ሲሉ ማሊያቸውን አጡት። ዓመታት አለፉ። ትልቁ ውድድር ወደ አገራቸው ሊመጣ ሲል ሕጉ ላላ፣ ውጭ ያሉትም ይጠራሉ ተባለ። ስቱሬ እዚያው አገር ቤት ነው፤ በየሳምንቱ ይጽፍላቸዋል። ስምህ አለ፣ መራጮቹ ስለ አንተ ነው የሚያወሩት፣ ታኬታህን አሳምር እያለ። እሳቸውም ታኬታቸውን ቅባት ቀቡ፣ ሁለት ቀን በባቡር ተጓዙ። ጣቢያው ሲደርሱ ከልጅነታቸው የሚያውቃቸው ሻንጣ ተሸካሚ ባርኔጣውን አወለቀላቸው። «ማንም ሳይሞት ባርኔጣ ሲወልቅልህ ምን ትላለህ?» አሉኝ። የተመረጡት ስም ዝርዝር በጋዜጣ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ጉልበቱ ተበላሽቷል ተብሎ አርቪድ የለበትም። ከተማው በሙሉ ያውቃል። ስቱሬም ያንን ጋዜጣ አንብቦ ነው ሦስቱንም ሳምንት ይጽፍ የነበረው። ባቡሩ ጋ ቆሞ ጠበቃቸውና «ደስታህን ላቆይልህ ብዬ ነው» አላቸው። ሻንጣቸውን አንስተው በመጣው ባቡር ተመለሱ። ስቱሬን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ገደማ አላናገሩትም።

እኔ ክንፍ ተጫዋች አይደለሁ? ለስቱሬ ጠበቃ ቆምኩለት። «ሰውየው እኮ አዝኖልዎት ነው» አልኳቸው። «በእኛ አገር መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰው በሥራ ላይ፣ በመንገድ ላይ አይረዳም። ቤቱ ሆኖ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። እስኪመች ይጠበቃል።»

«እስኪመች? ስንት ቀን?»

«እንደ ሁኔታው ነው። ወርም ሊሆን ይችላል።»

«እስከዚያ ሰውየው ምን ያደርጋል?»

«ይኖራላ!»

የጨው ዕቃውን በጣታቸው አሽከርክረው አሽከርክረው «እስከዚያ ሰው ሁሉ ተመልካች ነው፤ እሱ ብቻውን ይጫወታል» አሉኝ። ፈረንጅ ይሉኝታ የት ያውቃል ብዬ በሆዴ ናቅኳቸው። ይህን ስከራከር ጋሽ በየነ አፈር ከገባ ወር አልፎት ነበር።

ጋሽ በየነ ወንድሜ ብቻ አይደለም። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም፤ መርካቶ ልብስ እየሰፋ ያሳደገኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ታኬታዬን የገዛልኝ ዓመት እሱ አውራ ጣቱ የሚታይ ሸራ ጫማ ያደርግ ነበር። ያን ቀን «ሳድግ ጫማ የማደርግልህ እኔ ነኝ» ብዬው፣ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ ሳቀብኝ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ እሑድ እሑድ እደውልለታለሁ። ያን ግንቦት ግን ስደውል ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጠበል ገብቷል ተባልኩ፤ ሱባኤ ይዟል፣ ስልክ አይነካም። የሺ አጠገቤ ቆማ «ካርዱ ሳያልቅ ስጠኝ፣ እኔም ሰላም ልበላቸው» ብላ ስልኩን ትቀበለኝና መኝታ ቤት ትገባለች። ዘመዶቼን እንዴት ብትወድ ነው እል ነበር፤ አይ ሞኝነት!

በሐምሌ ልጃችንን ሳባን ዳርን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሴቶቹ ያን ዘመን እንደወጣው ፋሽን ፀጉራቸውን ወደ ላይ ቆልለውታል፣ ሽቶው ያፍናል። ማይክ ሲሰጠኝ ሙሽሮቹን መርቄ ወደ ቪዲዮ አንሺው ዞርኩ። «ጋሽ በየነ» አልኩ፣ «ይህ ካሴት ሲደርስህ ሳባን መርቅልኝ። ያሳደግከው ልጅ ዛሬ ልጁን ዳረ። ለከርሞ መጥቼ ጉልበትህን እስማለሁ።» አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ወንዱ ሴቱ ፊቱን ሸፈነ፣ የሺ ወጥታ ሄደች፣ ግርማ አንቆኝ ትከሻዬ ላይ ተንሰቀሰቀ። የእኔ ንግግር እንዲህ ሰው የሚያስለቅስ መሰለኝ እኮ! ኮራሁ። ያን ቀን የኮራሁትን ያህል በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም፤ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሠርጉ ይለፍ ብለው ነበር ለካ። ሠርጉ ሲያልፍ መልሱ ይለፍ፣ መልሱ ሲያልፍ የፍልሰታ ጾም ገባ፣ ከዚያ በዓመት በዓል ሰው አይረዳም ተባለ። በመስከረም ግርማ አገር ቤት ሊሄድ ተነሳ። ያኔ ነው ጫማውን የገዛሁት፤ ቡናማ፣ ሶሉ በእጅ የተሰፋ፣ ውስጡ ሁሉ ቆዳ። ለሁለት ቀን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳሸትተው ነበር። ግርማ ሳጥኑን ተቀብሎኝ ሄደ፣ በሦስት ሳምንቱ ተመለሰ። «ወደደው?» አልኩት። «እንዴታ! እግሩ ላይ ልክክ አለ። እሑድ አድርጎት ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ መረቀህ።» «ወገቡስ?» «ኧረ ደህና ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።» ይህን ሁሉ ዓይኔን እያየ ነው ያለኝ።

የሺ ሸክሙ ከበዳት። ኅዳር ላይ አንድ ቀን የምግብ አዳራሹን ሰሃን ስታነሳ እንባዋ አመለጣት፤ አርቪድ ብቻቸውን ተቀምጠው ኖሮ ምን ሆነሻል አሏት። ዘክዝካ ነገረቻቸው። ለፈረንጅ መንገር ለግድግዳ መንገር ነው ብላ፤ አማርኛ አይችሉ፣ ከሐበሻ አይገናኙ። በዚያ ቤት ከሚኖረው ሰው ሁሉ መርጣ ለአርቪድ!

በማግሥቱ ሾርባቸውን ይዤ ስገባ ቴሌቪዥናቸው ላይ ኳስ ነበር። ተነሱ፣ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበታቸው እየጎተቱ ሄደው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ኳስ ሲያጠፉ አይቼ አላውቅም። «ቁጭ በል» አሉኝ። የእጄን አንጓ ያዙና «ፈለቀ፣ ወንድምህ በየነ ሞቷል። የሞተው በግንቦት ነው። ሚስትህ ናት የነገረችኝ» አሉኝ። በቃ። ሾርባው ይተናል። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወንድሜን አይደለም የጠራሁት። «ማን ማን ያውቃል?» አልኳቸው። «ሁሉም» አሉኝ።

ጮህኩባቸው። አንተ ባለጌ ሽማግሌ፣ መርዶ በሾርባ ላይ ይነገራል ወይ፣ አልኩ፤ በአማርኛ ነበር፣ እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። ልብሴን ሳልቀይር መኪናዬን አስነስቼ ታክሲዎች ተራ ወደሚጠብቁበት ወደ ኤርፖርቱ መንገድ በረርኩ። ታክሲ የሚነዳው ግርማ ከሾፌሮቹ ጋር ቆሞ ይስቃል። «ትራንኩን ክፈት» አልኩት። ለምን እንዳልኩት ራሴም አላውቅም፤ ልቤ ነግሮኝ ይሆናል። «ምን ፈልገህ ነው?» አለ። «ክፈት!» ከፈተ። ከትርፍ ጎማው ጎን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሳጥኑ አለ። ጫማው ወረቀቱ ሳይነሳለት፣ እኔ እንደ ሰጠሁት። «መውሰድ አቃተኝ፣ ለማን ልስጠው? መጣልም አቃተኝ» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ አላለቀስኩም። ሳጥኑን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ ቤት ስደርስ ሰዉ ተሰብስቧል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንበሩ ተደረደረ፣ ምግቡ ቀረበ። ወጡን ስቀምሰው መሀሉ ገና በረዶ ነው። ለካ ለለቅሶዬ የተሠራው ወጥ ከሰኔ ጀምሮ በየሰዉ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል! ሳባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ዳዲ፣ አይ ዋንትድ ቱ ቴል ዩ» ትላለች፤ ልነግርህ ፈልጌ ነበር ማለቷ ነው። የሺ «ላንተ ብለን ነው» አለች። ሁሉም ያንኑ አሉኝ፤ ላንተ ብለን ነው። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔን ግን ገደደኝ። ለወንድሜ ላልቅስ ስል ያ አዳራሽ፣ ያ ማይክ ይመጣብኛል፤ ሐዘኑን እፍረቱ ቀደመው። የሰረቁኝ ይኼንን ነው። ስድስት ወሩን ይቅር ብያለሁ ልበል፣ ለቅሶዬን ግን አላልኩም።

አንድ ነገር የእኔም ጥፋት አለ። ሥራ ስመለስ አለቃዬን ወደ ሕንፃው ሌላኛው ክንፍ አዛውሪኝ አልኳት። የዋሹኝን ሰዎች ሁሉ ቤቴ አስገብቼ እያበላሁ፣ እውነቱን የነገረኝን ሰው በር ላለማየት በወጥ ቤት በኩል እዞር ነበር። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ተገናኘን፤ አርቪድ ቆሙ፣ እጃቸውን ዘረጉ። አንሶላ ተሸክሜ ነበርና እጄ እንዳልተመቸኝ አስመስዬ አለፍኳቸው። በረዶው ሳይቀልጥ ሞቱ። እሳቸው ስቱሬን እንደቀጡት እኔም እሳቸውን ቀጣኋቸው፤ እኔ ግን ያለ ጥፋታቸው።

ሰኞ ጧት እንግዲህ ስልክ ጠባቂው ፈለቀ ሞንትቤሎ ሠፈር ግርማ ቤት ደረስኩ። የጫማውን ሳጥን ከመኝታ ቤት ቁም ሣጥን አውጥቼ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጭኜው ነበር፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩና እዚያው ተውኩት። ለቂም ይሁን ለፍቅር ነው የመጣሁት? በሩ ላይ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ፤ አላወቅሁትም። ግርማ ከፈተልኝ። ራሱ ነጭ ሆኗል፣ እግሩ ያብጥበታል። «ና፣ ና ግባ፣ የትናንቱን ጨዋታ እየደገሙት ነው» አለኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንስቶ አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

«ጥሩነሽ ስልክ አላነሳ አለችኝ» አለ። «ጠበል ገብታለች አሉኝ።»

ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«ኧረ ጨዋታው!» አለና ዞር ሲል ፊቴን አየው። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀምጬ የእጁን አንጓ ያዝኩና «ግርማ፣ እህትህ ጥሩነሽ ሞታለች» አልኩት።

«ማን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«ሁሉም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዓርብ።»

በጣቱ ቆጠረ፤ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሦስቱን ጣቶች ለረጅም ጊዜ አያቸው። የእኔን ስድስት ወር ሁለታችንም አላነሳነውም። ከዚያ የእህቱን ስም ጠርቶ አለቀሰ፤ እኔም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ጋሽ በየነን አለቀስኩት።